ማነቆው የት ነው? በፋብሪካ መስመር ላይ የተገኘ ትምህርት



በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው መጽሔታችን ስለ ጤና፣ ስለ ግብርናና ስለ ታሪክ ብዙ ጠቃሚ ትምህርት ስናነብ ቆይተናል። እኔም በበኩሌ ባለፈው የክረምት ዕረፍት በአንድ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥሬ ሳለሁ በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የቆጠርሁትን ነገር ባካፍላችሁ መልካም መስሎ ስለ ታየኝ ይህን ጽሑፍ አቀረብሁ። ነገሩ የፋብሪካ ቢሆንም ከቤታችን ጓዳ ጀምሮ እስከ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ድረስ የሚያገለግል ነውና አንባቢ በትዕግሥት እንዲከታተለኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ ከጓዳ ልጀምር። ለድግስ እንጀራ ሲጋገር ሁላችንም አይተናል። አንዲቱ ሊጡን ታቀጥናለች፤ ሁለተኛይቱ ትጋግራለች፤ ሦስተኛይቱ እየተቀበለች ትደረድራለች። በቤቱ ያለው ምጣድ አንድ ብቻ ቢሆንና አንድ እንጀራ በ3 ደቂቃ ቢወጣ፣ በአንድ ሰዓት ከ20 እንጀራ በላይ ሊገኝ አይችልም። ሊጥ የምታቀጥነው ሴት እጅግ ቀልጣፋ ብትሆን፣ የምትደረድረዋም በሁለት ሴት ብትታገዝ፣ እንጀራው ያው 20 ነው። ሁለተኛ ምጣድ ቢጣድ ግን፣ ወይም ምጣዱ ሊጥ እየጠበቀ ባዶውን እንዳይግል ቢደረግ፣ ወዲያው እንጀራው ይበዛል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ ማነቆው ምጣዱ ነው። ማነቆ ማለት በአንድ ተከታታይ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የጠበበውና ሌላው ሁሉ በእርሱ ልክ እንዲሄድ የሚያስገድደው ስፍራ ነው።

በጓዳ ውስጥ ማነቆውን ማወቅ ቀላል ነው፤ ምጣዱ በዓይን ይታያልና። በፋብሪካ ግን ዓይን ይሳሳታል። እኔም የተሳሳትሁት በዚሁ ነው።

የሠራሁበት ፋብሪካ ከከተማችን ወጣ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ሕዝቡ «ሃይላንድ» እያለ በሚጠራው የፕላስቲክ ጠርሙስ የግማሽ ሊትርና የሁለት ሊትር ውሃ ያሽጋል። ሥራው በአንድ መስመር ላይ ተከታትሎ ይሄዳል። በመጀመሪያ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ በሙቀት ለስልሳ በታመቀ አየር እየተነፋች ጠርሙስ ትሆናለች። ቀጥሎ ጠርሙሱ ታጥቦ ውሃ ይሞላና ይከደናል። በሦስተኛው ስፍራ የፋብሪካው ስም ያለበት መለያ ይለጠፍበትና ቀን ይታተምበታል። ከዚያም በመስመሩ ጫፍ በሚገኘው ጠረጴዛ ላይ አራት ሴቶች 12 ጠርሙሶችን ባንድነት በስስ ፕላስቲክ ጠቅልለው ወደ ማሞቂያ ያስገባሉ፤ ፕላስቲኩም በሙቀቱ ተኮማትሮ እሽጉን አጥብቆ ይይዛል። ጠርሙሶቹን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያደርሳቸው ኮንቬየር የሚባለው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ነው። የእኔ ሥራ የወጣውን እሽግ ወደ መጋዘን ተሸክሞ መደርደር ነበር። ከአራቱ ሴቶች አንዲቱ አክስቴ ናት፤ ሥራውንም ያስገኘችልኝ እርሷ ናት።

ፋብሪካው የግማሽ ሊትር ውሃ በሚያሽግበት ቀን በ8 ሰዓት ውስጥ 32,000 ጠርሙስ ማውጣት ይገባው ነበር። የሚያወጣው ግን 24,000 ያህል፣ ማለት 2,000 እሽግ ብቻ ነው። ካቦው ወደ ጠረጴዛው በመጣ ቁጥር ጠርሙስ ተከማችቶ ስለሚያይ «ሥራውን የምታዘገዩት እናንተ ናችሁ!» እያለ ሴቶቹን ይቆጣ ነበር። አንድ ቅዳሜም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራው ካልተሻሻለ ከአራቱ ሁለቱ ተሰናብተው በምትካቸው ፈጣን ወጣቶች እንደሚቀጠሩ ነገራቸው። አክስቴ ሦስት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ስለሆነች ይህ ቃል ለእርሷ ቀላል አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ካቦውን አመንሁት። ክምሩን በዓይኔ አይቼዋለሁና። ማታ አብረን ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ፈጠን ብትዪ ምናለበት?» አልኋት። እርሷም ሳትቆጣ፣ «ልጄ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ምኑን ልጠቅልለው?» አለችኝ። ይህ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። እኔ ክምር አይቻለሁ፤ እርሷ ባዶ ጠረጴዛ ትላለች። ሁለታችንም ካልዋሸን ነገሩ እንዴት ሊሆን ይችላል? በዚህ ጊዜ የሒሳብ መምህራችን ዘወትር የሚነግሩን «ከመፍረድህ በፊት ቁጠር» የሚለው ምክር ትዝ አለኝ። በማግሥቱም ካቦውን አስፈቅጄ፣ የአንድ ቀን ክፍያዬን ትቼ፣ ደብተርና የእጅ ስልኬን ሰዓት ይዤ ከመስመሩ አጠገብ ቆምሁ።

አስቀድሜ የጻፍሁት እያንዳንዱ ስፍራ ሳይቋረጥ ቢሠራ በአንድ ሰዓት ስንት ጠርሙስ ማሳለፍ እንደሚችል ነው።

1ኛ/ ጠርሙስ መንፊያው መኪና 5,000፤

2ኛ/ ውሃ መሙያው መኪና 4,000፤

3ኛ/ መለያ ለጣፊው መኪና 6,000፤

4ኛ/ አራቱ ሴቶች 4,800። ይኸውም አንዲት ሴት አንድ እሽግ በ36 ሰኮንድ ስለምትጨርስ በሰዓት 100 እሽግ ወይም 1,200 ጠርሙስ ታወጣለች፤ አራቱ ሲደመሩ 4,800 ይሆናል።

በዚህ ሒሳብ ሴቶቹ ከውሃ መሙያው ይበልጣሉ እንጂ አያንሱም። እንግዲያስ በሰዓት 4,000 መውጣት ሲገባው ስለ ምን 3,000 ብቻ ይወጣል? ምሥጢሩ የተገለጠልኝ ከሁሉ ይፈጥናል በተባለው በመለያ ለጣፊው መኪና ዘንድ ነው። ይህ መኪና ሲሠራ በደቂቃ 100 ጠርሙስ ያሳልፋል፤ ነገር ግን ዘወትር ይቆማል። በዚያ ቀን 64 ጊዜ ቆመ፤ የቆመባቸውም ደቂቃዎች ሲደመሩ 240 ሆኑ። ይህም የ8ቱ ሰዓት እኩሌታ ነው። ስለዚህ በሰዓት 6,000 የተባለው መኪና በእውነቱ 3,000 ብቻ ያሳልፍ ነበር። በመኪና ላይ የተጻፈው ቁጥር መኪናው የሚችለውን እንጂ የሚሠራውን አይናገርም።

የክምሩም ነገር በዚሁ ተፈታ። መኪናው ተነሥቶ በሚሠራበት ጊዜ በደቂቃ 100 ጠርሙስ ይልካል፤ ሴቶቹ የሚያነሡት 80 ነው፤ በየደቂቃው 20 ይቀራል። መኪናው 4 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ሲቆም በጠረጴዛው ላይ 80 ጠርሙስ ተከማችቷል። ሴቶቹ ይህን በአንድ ደቂቃ ጠቅልለው ይጨርሱና እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ካቦው ደግሞ መኪናው ሲቆም ወደ መኪናው ይሮጣል፤ መኪናው ሲነሣ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። ስለዚህ ጠረጴዛውን ባዶ ሆኖ አይቶት አያውቅም። አክስቴም እኔም የተናገርነው እውነት ነበር፤ ያየንበት ሰዓት ብቻ ይለያያል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ምልክት ተማርሁ። ማነቆውን ለማግኘት የሚፈልግ ሰው አንድ ክምር አይቶ አይፍረድ፤ መስመሩን ረዘም ላለ ጊዜ ይመልከት። ከኋላው ዘወትር የሚሞላበት፣ ከፊቱ ደግሞ ዘወትር የሚጎድልበት ስፍራ ማነቆው እርሱ ነው። በእኛ መስመር ላይ መለያ ለጣፊው ሲቆም ከኋላው ያለው ቀበቶ በጠርሙስ እየሞላ ውሃ መሙያው ሳይወድ ይቆም ነበር፤ ከፊቱ ያሉት ሴቶች ደግሞ ሥራ ያጡ ነበር።

አሁን ስለ መድኃኒቱ እንናገር። ኤሊያሁ ጎልድራት የሚባል እስራኤላዊ የፊዚክስ ሊቅ ከጄፍ ኮክስ ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. «ግቡ» የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ፣ የማነቆን ነገር በልብ ወለድ ታሪክ አድርጎ ለብዙ ሰው አስረድቷል። ትምህርቱም በአምስት ደረጃ የተከፈለ ነው። አንደኛ፣ ማነቆውን ፈልገህ አግኝ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ሳታወጣ ባለው አቅሙ በሙሉ አሠራው። ሦስተኛ፣ ሌላው ሁሉ የእርሱን እርምጃ ተከትሎ ይሂድ። አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልበቃ ገንዘብ አውጥተህ አስፋው። አምስተኛ፣ ማነቆው ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር ሳትሰንፍ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሁለተኛው በፊት ወደ አራተኛው እየዘለለ ነው። በእኛም ፋብሪካ በሰዓት 6,000 የሚሞላ አዲስ ውሃ መሙያ ስለ መግዛት ይወራ ነበር። ቢገዛ ኖሮ መለያ ለጣፊው ያው 3,000 ስለሚያሳልፍ ከዚያ ብዙ ገንዘብ የሚገኘው ትርፍ አንድ ጠርሙስ እንኳ አይሆንም ነበር።

መኪናው የቆመባቸውን 64 ጊዜያት በምክንያታቸው ለይቼ ስጽፍ እንዲህ ሆነ። 31 ጊዜ ጠርሙሱ እርጥብ ሆኖ መለያው አልጣበቅ ስላለና ማጣበቂያው ስለ ተዝረከረከ 118 ደቂቃ ቆመ። 24 ጊዜ ጠርሙስ በመግቢያው ላይ ወድቆ መንገዱን ስለ ዘጋ 62 ደቂቃ ቆመ። 5 ጊዜ የመለያው ጥቅል አልቆ እስኪተካ 45 ደቂቃ ቆመ። በልዩ ልዩ ምክንያት ደግሞ 4 ጊዜ 15 ደቂቃ ቆመ። ይህን ሁሉ የመኪናው ሠራተኛ ከእኔ ይልቅ ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በጃፓን አገር በቶዮታ ፋብሪካ ስመ ጥር የነበረው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ ደጋግሞ መጠየቅ እንደሚገባ ያስተምር ነበር። እኔም ከፋብሪካው መካኒክና ከመኪናው ሠራተኛ ጋር ሆኜ ይህን ሞከርሁ። ጠርሙሱ ለምን ይወድቃል? በግራና በቀኝ የሚደግፉት ብረቶች ስለ ተራራቁ። ለምን ተራራቁ? ባለፈው ቀን የሁለት ሊትር ጠርሙስ ስላለፈባቸው። ለምን ወደ ስፍራቸው አልተመለሱም? የተመለሱ መስሏቸው ነው፤ በግምት ነበርና የሚመልሱት። በግምት ለምን? በብረቱ ላይ ምልክት ስለሌለ። ምልክት ለምን የለም? አስቦበት የሠራው ሰው ስለሌለ። የዚህ ሁሉ መድኃኒት ጥቂት ቀለም ሆነ። መካኒኩ ለግማሽ ሊትሩ በቀይ፣ ለሁለት ሊትሩ በሰማያዊ ቀለም ምልክት አደረገበት።

ለእርጥበቱ ደግሞ መካኒኩ ከፋብሪካው ኮምፕሬሰር ቀጭን ቱቦ ስቦ፣ አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ፣ ጠርሙሱ ወደ መለያ ለጣፊው ከመግባቱ በፊት ከግራና ከቀኝ አየር እንዲነፋበትና እንዲደርቅ አደረገ። ስለ ጥቅሉ የሆነው ነገር ከሁሉ ይልቅ ቀላል ነበር። ቀድሞ አንዱ ጥቅል ካለቀ በኋላ ሠራተኛው ወደ መጋዘን ሄዶ፣ ፈርሞ፣ አዲሱን ተሸክሞ እስኪመለስ 9 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አሁን የቀኑ ጥቅል ሁሉ ጠዋት ወጥቶ ከመኪናው አጠገብ ይቀመጣል፤ መተካቱም 2 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። በአንድ ጥቅል 7 ደቂቃ፣ በአምስቱ 35 ደቂቃ ተረፈ ማለት ነው። ማነቆው በደቂቃ 100 ጠርሙስ ስለሚያሳልፍ ይህ ብቻውን የ3,500 ጠርሙስ ጊዜ ነው። እነዚያው 35 ደቂቃዎች ከሴቶቹ ጠረጴዛ ቢተርፉ ግን ትርፉ ምንም አይሆንም ነበር። በማነቆው ላይ የጠፋ ደቂቃ ለፋብሪካው ሁሉ የጠፋ ነው፤ ከማነቆው ውጭ የተረፈ ደቂቃ ግን ለመቀመጥ ብቻ ይሆናል።

ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና ቆጠርሁ። በእርጥበት የቆመው 30 ደቂቃ፣ በመውደቅ 20፣ በጥቅል 10፣ በልዩ ልዩ ምክንያት 15፣ ጠቅላላው 75 ደቂቃ ሆነ። ስለዚህ መኪናው 405 ደቂቃ መሥራት ቻለ፤ ይህም ለ40,500 ጠርሙስ ይበቃል። ታዲያ 40,500 ጠርሙስ ወጣ ወይ? አልወጣም። የወጣው 30,000 ጠርሙስ ወይም 2,500 እሽግ ነው። ይህስ ለምን ሆነ ቢባል፣ ማነቆው ተዛውሮ አሁን ውሃ መሙያው ጋ ስለ ደረሰ ነው። እርሱ በ8 ሰዓት ከ32,000 በላይ አይሞላም፤ ጥቂትም ይቆማል። ጎልድራት በአምስተኛው ደረጃ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው።

ማነቆው በውሃ መሙያው ላይ መሆኑ ግን ክፉ አይደለም። ማነቆ ፈጽሞ የሌለበት መስመር በዓለም ላይ አይገኝም፤ ብልኅነቱ የት እንደሚሆን መርጦ ማስቀመጥ ነው። በመጠጥ ማሸጊያ ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ የመስመሩን እርምጃ የሚወስነው መሙያው እንዲሆን ይደረጋል። ከእርሱ በፊትና ከእርሱ በኋላ ያሉት መኪናዎች በጥቂቱ ይፈጥናሉ፤ በመካከላቸውም ጥቂት ጠርሙስ የሚጠብቅበት የቀበቶ ርዝመት ይተዋል። እንዲህ ሲሆን አንዱ መኪና ለአጭር ጊዜ ቢቆም መሙያው ሳይቆም ይቆያል፤ የቆመውም ሲነሣ ፈጥኖ ይደርስበታል። የሁሉም ፍጥነት በሥዕል ቢነሣ መካከሉ ዝቅ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ ሸለቆ ይመስላል።

አንዳንድ ሰው ጠርሙሱን በብዛት ወደ መስመሩ ብንገፋው ይበልጥ ይወጣል ብሎ ያስብ ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1961 እ.ኤ.አ. በሒሳብ እንዳረጋገጠው፣ በመስመር ላይ ያለው ብዛት በደቂቃ የሚወጣው ቁጥር በቆይታው ጊዜ ሲባዛ ነው። በእኛ መስመር ቀድሞ በደቂቃ 50 ጠርሙስ ይወጣ ነበር። በመሙያውና በማሸጊያው መካከል 250 ጠርሙስ ቢኖር እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይቆያል። ገፍተን 500 ብናደርገው ቆይታው 10 ደቂቃ ይሆናል እንጂ የሚወጣው ያው 50 ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በፋብሪካም ይሠራል፤ ጠርሙስ ሲጨናነቅ ይወድቃልና።

እናንተም እንድትሞክሩት አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። በምዝገባ ቀን ተማሪ በሦስት ጠረጴዛ ያልፋል እንበል። በመጀመሪያው ወረቀቱ በ3 ደቂቃ ይመረመራል፤ በሁለተኛው በ1 ደቂቃ ይከፍላል፤ በሦስተኛው በ4 ደቂቃ ፎቶግራፍ ይነሣል። በሰዓት ስንት ተማሪ ይመዘገባል? ማነቆው ፎቶግራፉ ስለሆነ 15 ብቻ ነው። በፎቶግራፉ ጠረጴዛ ሁለተኛ ሰው ብንጨምርስ? ፈጥናችሁ 30 እንዳትሉ። ፎቶግራፉ 30 ቢችልም ወረቀት መርማሪው በሰዓት ከ20 በላይ ስለማያሳልፍ መልሱ 20 ነው። ማነቆው ተዛወረ ማለት ነው።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ሁለቱን ሴቶች የማሰናበቱ ነገር ቀረ። ካቦው ይቅርታ ሲጠይቅ ባልሰማም፣ አንድ ቀን ጠዋት ሰዓቱን በእጁ ይዞ ከውሃ መሙያው አጠገብ ቆሞ በወረቀት ሲጽፍ አየሁት፤ ይህም ከይቅርታ የሚቆጠር ይመስለኛል። አክስቴን ግን እኔ ራሴ ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷም ስቃ፣ «ጠርሙሱ ይምጣልኝ እንጂ እጄስ አልሰነፈም ብዬህ አልነበረም?» አለችኝ። በእርግጥም ብላኝ ነበር። የመስመሩን ጉድለት ከሁላችን አስቀድማ ያወቀችው እርሷ ስትሆን፣ የጎደላት ነገር ቢኖር የሚሰማትና የሚቆጥርላት ሰው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ከእኛ መካከል መሐንዲስ፣ የፋብሪካ ኃላፊ ወይም የመሥሪያ ቤት ሹም የሚሆን አይጠፋም። ሥራ ዘገየ ሲባል ጣታችንን ፈጥነን በመስመሩ ጫፍ ወደ ቆመው ሠራተኛ አንቀስር። መጀመሪያ እንጠይቅ፤ ቀጥለን እንቁጠር፤ ከዚያ በኋላ ጠባቡን ስፍራ እናስፋ። ሳይቆጠር የተፈረደ ፍርድ የፋብሪካውን ገንዘብ ያባክናል፤ ከዚያም በላይ ያልበደለውን ሰው እንጀራ ያሳጣል።

በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ መምህራኖቼ እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።